የልጄ ሳል ሦስት ሳምንት አለፈው፣ ቤት ውስጥ ደግሞ የ33 ቀን ጨቅላ አለ

የኮዬዋ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ሦስተኛ ክፍል። ከሦስት ሳምንት በፊት ተራ ጉንፋን ያዘው። አፍንጫው ፈሰሰ፣ አስነጠሰው፣ ትኩሳት እንኳ አልነበረውም። ነፋሱ ነው ብዬ አለፍኩት። ኮዬ የሚኖር ሰው ያውቀዋል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ካላለቁት ብሎኮች አሸዋውን እያፈሰ በመስኮት ያስገባልናል። ከሳምንት በኋላ ግን ሳሉ ሌላ ሆነ። ቀን ደህና ይውላል፣ ኳስ ይጫወታል። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ይነሳበታል። ኧህ ኧህ ኧህ ኧህ እያለ ትንፋሽ ሳይወስድ ይደረድረዋል። ፊቱ በርበሬ ይመስላል። መጨረሻ ላይ አየር ሲስብ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ያወጣል። ከዚያ ያስመልሰውና ምንም እንዳልተፈጠረ ተኝቶ ያድራል። እኔ ግን ቁጭ ብዬ አነጋለሁ።

ሁለት ክሊኒክ ወስጄዋለሁ። አንዱ ጋ "ብርድ ነው" ተብዬ የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ ተሰጠኝ። ሌላው ጋ ደረቱን አዳምጠው "ንጹህ ነው፣ አለርጂ ይሆናል" አሉኝ። ልወቅሳቸው አይደለም። እነሱ ፊት አንድም ጊዜ አልሳለም። ወንበር ላይ ተቀምጦ እግሩን እያወዛወዘ ፈገግ ይላል፤ እኔ ነኝ ውሸታም የምመስለው።

እናቴ ግን የመጀመሪያውን ሌሊት ሰምታ "ይሄማ ትክትክ ነው" አለች። መድኃኒቱ ደግሞ የአህያ ወተት ነው አለች። በቅሊንጦ በኩል በአህያ አሸዋ የሚያመላልስ ሰውዬ አለ፣ አንዷ አህያው ወልዳለች፣ እናቴም ዋጋ ተነጋግራ ጨርሳለች።

ጭንቀቴ ሌላ ነው። እህቴ እኔ ቤት ነው የታረሰችው። ጨቅላው ዛሬ 33 ቀኑ። በሚቀጥለው ሳምንት፣ በ40 ቀኑ፣ ክርስትና ይነሳል። ዘመድ ተጠርቷል፣ ጠላው ተጠንስሷል። ልጄ ከሕፃኑ ፊት አይጠፋም፣ ጉንጩን ይስመዋል። ትናንት ማታ ደግሞ ሕፃኑ ሁለት ጊዜ አስነጠሰው።

ልጄ የፔንታ ክትባቱን ሦስቱንም ወስዷል፣ ካርዱ እጄ ላይ ነው። የተከተበ ልጅ እንዴት ትክትክ ይይዘዋል? ትክትክ ከሆነስ ለምን ማንም ምርመራ አላዘዘልኝም? ደም ወይም አክታ ታይቶ የሚታወቅ አይደለም? ሕፃኑንስ ምን ላድርግ?

ናቲ ቱሉ ዲምቱ

አይዞሽ። የኛም ሰፈር ልጅ ሁሉ እየሳለ ነው። እኔ ግን ክትባቱን ነው የምጠረጥረው። ወንድሜ አሜሪካ ነው፣ ልጆቹ ሲከተቡ ትኩሳት የሚባል ነገር የለም። የኛው ፔንታ ሌሊቱን ሙሉ ያስለቅሳቸዋል። እነሱ የጣሉትን አሮጌውን ነው ለኛ የሚልኩት። አሮጌ መድኃኒት ደግሞ ምን ይሠራል?

ሲስተር ከአስኮ

እህቴ፣ ሌላውን ሁሉ ተዪው፣ ሕፃኑን ዛሬ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ነገ አይደለም። እንደዚህ ብለሽ ንገሪያቸው፦ "የ33 ቀን ሕፃን ነው፣ አልተከተበም፣ ቤት ውስጥ ሦስት ሳምንት እንደ ትክትክ የሚስል ልጅ አለ።" እነዚህን ቃላት ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ተናገሪ።

በጨቅላ ላይ ትክትክ እንደ ትልቁ አያፏጭም። አንዳንዱ ጭራሽ አይስልም። ትንፋሹን ያቋርጣል። ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ጡት መጥባት ካቃተው፣ ለትንሽ ጊዜም ቢሆን መተንፈስ ካቆመ ጤና ጣቢያ ሳትዪ በቀጥታ ሆስፒታል ሂጂ፣ ሌሊትም ቢሆን።

ትልቁን ልጅ ከሕፃኑ ክፍል አውጪው። የሚስመው ሰው አይኑር። ለእሱም ለቤተሰቡም መድኃኒት ያስፈልጋል አያስፈልግም የሚለውን ሐኪሙ ይወስናል፤ አሞክሳሲሊን ግን የትክትክ መድኃኒት አይደለም። የተረፈ ሽሮፕ ካለ ለሕፃኑ እንዳትሞክሪ። የአህያ ወተቱም ወደ ሕፃኑ አፍ እንዳይጠጋ። ይሄን ለእናታችን በአክብሮት ንገሪልኝ።

ጡረተኛው ከሰበታ

ልጄ፣ መጀመሪያ ሲስተር ያለችሽን አድርጊ። ሕፃኑን ወስደሽ ስትመለሺ የእኔን አንብቢ። የእኔ ወሬ ነው፣ አይበላሽም።

ሐኪም አይደለሁም። 34 ዓመት ላብራቶሪ ውስጥ ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ፣ አሁን ሰበታ ዶሮ አረባለሁ። ስለ መድኃኒት አትጠይቂኝ። ስለ ጀርሟ ግን እኔ ልንገርሽ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ስትጫወትብኝ የኖረች እሷ ናት።

"ለምን ማንም ምርመራ አላዘዘልኝም" ላልሽው፣ ጥፋቱ ግማሹ የእሷ ነው። ስሟ ቦርዴቴላ ፐርቱሲስ ይባላል። ሞላቃ ናት። ሌላው ባክቴሪያ መረቅ ብትሰጪው በማግስቱ ሞልቶ ይጠብቅሻል። እሷ እንዲህ አትገኝም። ቤልጅጋዊው ዡል ቦርዴ በአክታ ውስጥ በማይክሮስኮፕ ያያት እ.ኤ.አ. በ1900 ነው። አይቷት ግን ማሳደግ አቃተው። ከባልደረባው ከኦክታቭ ዣንጉ ጋር ብራስልስ ውስጥ የተሳካለት ከስድስት ዓመት በኋላ በ1906 ነው። በምን መሰለሽ? በድንች። የድንች ጭማቂ፣ ግሊሰሪን፣ ላዩ ላይ ደም። ሰውየው በ1919 የኖቤል ሽልማት ወሰደ፣ እሱ ግን ለሌላ ሥራው ነው። እኛ ተማሪ ቤት ስለዚህ የጀርም ማሳደጊያ ምግብ ስንማር አንዱ ጓደኛችን "ይቺ ጀርም ድንች በስጋ ካልቀረበላት አትበላም" ብሎ አስቆን፣ አስተማሪው አስወጣው።

ድንቹን አግኝታም ቶሎ አትወጣም። ሦስት ቀን፣ አንዳንዴ ሰባት ቀን ትጠብቂያታለሽ። ስትወጣ በጣም ትንሽ የምታብረቀርቅ ጠብታ ናት። ድሮ የብርጭቆ ቴርሞሜትር ሲሰበር መሬት ላይ ትንከባለል የነበረችውን ሜርኩሪ አስታውሺ፣ እሷን ነው የምትመስለው። እኔ በሕይወቴ በዓይኔ ያየኋት ከጣቶቼ ቁጥር አይበልጥም። አንድ ጊዜማ ጥሩ ናሙና አግኝቼ ኢንኩቤተር ውስጥ አስገብቼ፣ በየጠዋቱ እንደ እንቁላል እያየኋት፣ በአምስተኛው ቀን መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ደግሞ ናፍጣ አልነበረውም። የት እንደሆነ አልነግርሽም።

ናሙና አወሳሰዱም ጣጣ አለው። ጉሮሮን በጥጥ ነካ አድርጎ መላክ አይሠራም። ጥጡ ውስጥ ያለው የቅባት አሲድ ራሱ ይገድላታል። ሌላ ዓይነት ስዋብ፣ ማለትም የናሙና መውሰጃ ዘንግ፣ በአፍንጫ ገብቶ ከኋላ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ከሚገናኙበት ቦታ መንካት አለበት። ልጁ ይጮሃል፣ እናት ትቆጣለች፣ ቴክኒሺያኑ ይሳሳታል።

ይሄ ሁሉ ግን ትንሹ ችግር ነው። ትልቁ የሰዓቱ ጉዳይ ነው። ልጅሽ አፍንጫው ብቻ ሲፈስ የነበረበት ያ የመጀመሪያ ሳምንት ትዝ ይልሻል? ነፋስ ነው ብለሽ ያለፍሽው? ያኔ ነው ጀርሟ ሞልታ የነበረችው። የመተንፈሻ ቧንቧችን ውስጥ አቧራና አክታ ወደ ላይ የሚጠርጉ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉ። እሷ እነሱ ላይ ትለጠፋለች። ከዚያ መርዝ ትረጫለች፣ አንዱ መርዟ እነዚያን ጠራጊዎች ይገድላል። ጠራጊ ከሌለ አክታውን ለማውጣት የሚቀረው ሳል ብቻ ነው። ያ ድርድር ሳል፣ ያ ፉጨት ሲመጣ እሷ በቁጥር እየቀነሰች ነው። ሌባው ዘርፎ ከወጣ በኋላ ነው ውሻው የሚጮኸው። ስለዚህ በሦስተኛ በአራተኛ ሳምንት ስዋብ ወስደሽ ብታሳድጊ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ሳህን ነው። ፒሲአር የሚባለው፣ የጀርሟን ዘረመል የሚፈልገው ምርመራ ይሻላል፣ የሞተችውንም ቅሪት ያገኛል፤ እሱም ቢሆን የሚያምረው በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ሳምንታት ነው። መድኃኒቱም እንደዚሁ። ዘግይቶ ሲሰጥ ሳሉን አያስቆመውም፣ ወደ ሌላ ሰው እንዳያስተላልፍ ግን ይረዳል። "መድኃኒት ወስዶም ይስላል" ብለሽ ተስፋ እንዳትቆርጪ።

ስለ ሰዓቱ ጉዳይ ያስተማሩን ሁለት ሴቶች ናቸው፣ እኔ እነሱን ሳላነሳ ስለ ትክትክ ማውራት አልችልም። ፐርል ኬንድሪክ እና ግሬስ ኤልደሪንግ። ሁለቱም መጀመሪያ አስተማሪዎች ነበሩ። ሁለቱም በልጅነታቸው ትክትክ ይዟቸዋል። ሚሺጋን ውስጥ ግራንድ ራፒድስ በምትባል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ከ1932 ጀምሮ፣ ያኔ አሜሪካ ራሷ በኢኮኖሚ ቀውስ ተመታ ሰው ሥራ ያጣበት ዘመን ነው። ቀን የመንግሥት ላብራቶሪ ሥራቸውን ይሠራሉ፣ ማታ ደግሞ በኩራዝ እየተመሩ የሥራ አጦችን ቤት ያንኳኳሉ። የሚስለውን ልጅ አፍ ፊት የጀርም ማሳደጊያ ሳህኑን ይይዙለታል፣ "ሳል" ይሉታል፣ ያስልበታል፣ ይዘው ይሄዳሉ። ስዋብ የለ፣ ለቅሶ የለ። በየሳምንቱ እየተመላለሱ ሳህኑ መቼ እንደሚሞላ፣ መቼ ባዶ እንደሚሆን ቆጠሩ። ልጁ ስንት ሳምንት ከሰው መለየት እንዳለበት የታወቀው በዚህ ነው። ክትባታቸውንም እዚያው ሠሩ፣ ሙከራውን በ1934 ጀመሩ። እኔ የኛን የጤና ኤክስቴንሽን ልጆች ፀሐይ ላይ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ሳይ ሁልጊዜ እነዚያን ሁለት ሴቶች ነው የማስታውሰው።

አንድ ነገር ግን የትም ይገኛል። ሲቢሲ። ተራው የደም ቆጠራ። የጀርሟ ዋናው መርዝ ሊምፎሳይት የሚባሉትን ነጭ የደም ሴሎች ከደም ሥር ወጥተው ወደ ሥራ ቦታቸው እንዳይገቡ ያግዳቸዋል። በሩ ሲዘጋባቸው ደም ውስጥ ይከማቻሉ። ሌላ የባክቴሪያ ሕመም ብዙውን ጊዜ ኒውትሮፊል የሚባሉትን ሌሎቹን ነጭ ሴሎች ነው ከፍ የሚያደርገው፤ የሚስል ሕፃን ሊምፎሳይቱ ሲያሻቅብ ካየን ትክትክ እናስባለን። በጨቅላ ላይ በጣም ካሻቀበ ክፉ ምልክት ነው፣ የሳንባውን ደም ሥር እስከ መዝጋት ይደርሳል። ወጣት ሳለሁ የሁለት ወር ሕፃን የደም ስላይድ በማይክሮስኮፕ በእጄ እየቆጠርኩ፣ ሊምፎሳይት በሊምፎሳይት ላይ ተደራርቦ አይቼ የደም ካንሰር መስሎኝ ወደ አለቃዬ ሮጥኩ። ዋርድ ውስጥ የነበረች አሮጊት ሲስተር ግን ስላይድ ሳታይ በጆሮዋ ብቻ ስሙን ጠርታዋለች። እንደ እናትሽ። ሕፃኑ አልቆየልንም።

ስለዚህ የሕፃኑን ሲቢሲ ጠይቂ።

የኮዬዋ እናት

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲስተር አንቺንም። ያላችሁኝን ቃል በቃል ተናገርኩ፣ የጤና ጣቢያዋ ሐኪም ወዲያው ብድግ ብላ ሕፃኑን ተቀበለችን። ሪፈር ተጻፈልን፣ አሁን ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ሲቢሲ ተወስዷል። ሕፃኑ እየጠባ ነው።

እዚህ ቁጭ ብዬ ሳስብ ሁለት ነገር ከነከነኝ። እህቴ "እርጉዝ ሳለሁ መርፌ ተወግቻለሁ እኮ፣ ልጄን አይጠብቀውም?" አለችኝ። ሁለተኛው የናቲ ነገር ነው። እውነት አሮጌ ክትባት ነው የሚሰጡን? ልጄ እኮ በሦስቱም ፔንታ ሌሊቱን አልቅሶ አድሯል። ለምንም ነው እንዴ ያስለቀስኩት?

ጡረተኛው ከሰበታ

ልጄ፣ ኮሪደር ላይ ስልክሽን ቻርጅ የምታደርጊበት ካገኘሽ ቁጭ በዪና አንብቢ።

የእህትሽ መርፌ የቴታነስ ነው፣ በጣም ጥሩ አድርጋለች፣ ትክትክ ግን የለበትም። አንዳንድ አገሮች ለነፍሰ ጡር ትክትክም ያለበትን መርፌ ይሰጣሉ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2012 ወረርሽኝ ተነስቶባት 14 ሕፃናት ሞቱባት። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ነፍሰ ጡሮችን መከተብ ጀመረች። እናቲቱ የሠራችው መከላከያ በእትብት አልፎ ሕፃኑ ታጥቆ ይወለዳል። ከዚያ በኋላ ሲያጠኑት እናታቸው ከተከተበች ጨቅላዎች ከአሥሩ ዘጠኙን ያህል አድኗል። የራሱ ክትባት እስኪደርስለት ያለችውን ያቺን ክፉ ቀዳዳ የሚደፍነው እሱ ነው።

አሁን ወደ ናቲ። ናቲ፣ ያልከው ግማሹ እውነት ነው። ግማሽ እውነት ደግሞ ከውሸት ይልቅ ያደክማል።

የኛ ፔንታ አምስት በሽታ ነው የሚይዘው፦ ዲፍቴሪያ፣ ቴታነስ፣ ትክትክ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ሂብ (ማጅራት ገትርና የሳንባ ምች የሚያመጣ ጀርም)። አገራችን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ውስጡ ያለው የትክትክ ክፍል ሙሉዋ ጀርም ናት፣ ተገድላ። ያ የኬንድሪክና የኤልደሪንግ መንገድ ነው። ሙሉ ጀርም ስለሆነች ሰውነት ብዙ ነገሯን ያያል፣ ይቆጣል፣ ያተኩሳል፣ ጭኑ ያብጣል። ልጅሽ ያለቀሰው ለዚህ ነው።

ሀብታሞቹ ይህን ትኩሳት ጠሉ። ጃፓን በ1975 ከክትባት በኋላ ሁለት ሕፃናት ሞቱ ተብሎ ክትባቱ ለጊዜው ቆመ። ተመልሶ ሲጀመርም ወላጅ ፈርቶ ቀረ። በ1979 ወደ 13 ሺህ ሰው ትክትክ ያዘው፣ 41 ሰው ሞተ። ዩጂ ሳቶ የሚባል ጃፓናዊ ከዚያ ሌላ መላ አመጣ። ሙሉዋን ጀርም ትቶ ከእሷ የተወሰኑ ቁራጮችን ብቻ አጥርቶ መስጠት። ጃፓን በ1981 ጀመረችው፣ አሜሪካም በዘጠናዎቹ ተከተለች። ትኩሳቱ ቀነሰ። ሁሉም ደስ አለው። የወንድምህ ልጆች የሚወስዱት ይሄን ነው።

ከዚያ ትክትኩ ተመልሶ መጣ። በ2010 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ9 ሺህ በላይ ሰው ያዘው፣ 10 ሕፃናት ሞቱ። ሀብታም አገር፣ የተከተበ ሕዝብ። ምን ሆነ ብለው ዝንጀሮ ላይ ሞከሩት። ቶድ መርክል የሚባል የአሜሪካ መንግሥት ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ2013 ያወጣው ሥራ ነው። ዝንጀሮ እንደ ሰው ትክትክ ይይዘዋል፣ እንደ ሰው ይስላል። አንዱን ቡድን በአዲሱ ከተቡ፣ አንዱን በአሮጌው፣ አንዱን ተዉት። ከዚያ ሁሉንም በጀርሟ ለከፏቸው። በአዲሱ የተከተቡት አልሳሉም። ጤነኛ ናቸው፣ ይጫወታሉ። አፍንጫቸው ሲታይ ግን ጀርሟ ለሳምንታት ተቀምጣለች፣ አጠገባቸው ወዳስገቧቸው ወዳልተከተቡት ዝንጀሮዎችም አለፈች። በአሮጌው የተከተቡትም ጀርሟ ገብታባቸዋለች፣ ግን ከሌሎቹ ቶሎ አጸዷት።

ናቲ፣ ይሄ ነው "አሮጌ" ያልከው። የሚያተኩሰው።

ዝንጀሮ ሰው አይደለም፣ አሮጌውም ቢሆን ተአምረኛ አይደለም። የክትባቱ ጉልበት ከዓመታት በኋላ ይደክማል፣ ከአራት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ነው የሚባለው። በሽታው ይዞት የዳነ ሰው እንኳ ዕድሜ ልኩን አይጠበቅም። ካርዱን አውጪና እዪው ልጄ። 6 ሳምንት፣ 10 ሳምንት፣ 14 ሳምንት። ከዚያ ወዲያ የትክትክ መስመር የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በሁለተኛው ዓመት አንድ ማጠናከሪያ እንዲጨመር ይመክራል፣ የልጅሽ እኩዮች ግን በሦስቱ ጨርሰዋል። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ጋሻው ሳስቷል። ቢሆንም ቀን ኳስ መጫወት የቻለው ይኸው የሳሳው ጋሻ ስላለው ይመስለኛል። በከንቱ አላስለቀስሽውም።

አሁን አዲስ የሚሞከር በአፍንጫ የሚረጭ ክትባትም አለ። ሕያው ጀርም ነው፣ መርዙ የተነቀለ፣ ፈረንሳይ ሊል ከተማ ከእነ ካሚል ሎክት ቤት የወጣ። ሐሳቡ ደስ ይለኛል። ሌባው በሚገባበት በር ላይ ዘበኛ ማቆም ነው። ሙከራ ላይ ስለሆነ ፋርማሲ ሄደሽ እንዳትጠይቂ።

ብሎክ 40

ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባና። እኛ ብሎክ ሥር ያሉ ውሾችም እየሳሉ ነው። ከእነሱ ይሆን እንዴ? ጎረቤቴ ደግሞ ልጇን እንጥሉን አስቆርጣ ሳሉ ለቀቀው ትላለች።

ሲስተር ከአስኮ

እንጥል መቁረጥ የሚባል ሕክምና ለሳል የለም። ደም ፈሶት የመጣ ልጅ አይቻለሁ። ለጎረቤትሽ ንገሪያት፣ ሳሉ የለቀቀው ጊዜው ደርሶ ነው።

ጡረተኛው ከሰበታ

ውሻውን ተይው። የውሻ ሳል የሚያመጣ የቅርብ ዘመዷ አለ፣ ቦርዴቴላ ብሮንኪሴፕቲካ። ውሻም አሳማም ጥንቸልም ላይ ይኖራል። የኛዋ ግን የምትኖረው ሰው ላይ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የሁለቱን ሙሉ ጂን አንብበው ሲያስተያዩት፣ የኛዋ ከዚያ ዓይነት ዘር ተነስታ ብዙ ጂኖቿን ጥላ የመጣች ሆና አገኟት። አምስት ሚሊዮን ፊደል ገደማ የነበረው ወደ አራት ወርዷል። ሰው ቤት ከገባች በኋላ የማትፈልገውን ዕቃ ሁሉ ጣለች። ገጠር ያለውን ንብረቱን ሸጦ ኮንዶሚኒየም እንደገባ ሰው በዪው፤ መመለሻ የላትም። ስለዚህ ለሕፃን የሚያስተላልፈው ሰው ነው፣ ወይ ልጅ ወይ አዋቂ። የአዋቂ ትክትክ ደግሞ ተራ የከረመ ሳል ነው የሚመስለው። አራስ ልትጠይቅ መጥታ ገንፎዋን በልታ "ይቺ ሳልማ አልለቀቀችኝም" የምትል አክስት አለች፣ እሷን ነው የምፈራው።

የኮዬዋ እናት

ሁለት ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። የደረሰውን ልንገራችሁ።

ሕፃኑ ሁለት ሌሊት ሆስፒታል አደረ። ሊምፎሳይቱ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ግን አያስፈራም ተባልን። ለእሱ ለአምስት ቀን የሚጠጣ አዚትሮማይሲን ታዘዘለት። ለእኛም፣ ለቤቱ ሰው ሁሉ፣ ለእናቴ ሳይቀር። እናቴ ክኒኑን ስትውጥ "ያልሳልኩትን" እያለች ነው። የልጄ ስዋብ አልተወሰደም፣ አልፎበታል ተባለ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው "የተጠረጠረ ትክትክ" የሚል ነው። ጋሼ እንዳሉት ውሻው ጮኸ፣ ሌባውን ግን ማንም አላየውም።

በማግስቱ የጤና ኤክስቴንሽኗ ቤት ድረስ መጣች። በየፎቁ እያንኳኳች "የሚስል ልጅ አለ?" ስትል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ልጆች አገኘች። አንዱ ከልጄ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጠው ነው። ማን ለማን እንደሰጠ እንግዲህ እግዜር ይወቅ። ሊፍት የለም፣ እሷም አራት ፎቅ ስትወጣ አላኮረፈችም። በኩራዝ የሚሄዱትን ሴቶች ነገርኳት፣ ሳቀች። "እኛ ቢያንስ የስልክ መብራት አለን" አለች።

ክርስትናው በ40 ቀኑ ተነሳ። ሌሊት አሥር ሰዓት እህቴ፣ ክርስትና አባቱና እኔ ብቻ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ዘመዱን በስልክ አስቀረሁት። አንዷ አክስቴ ተቀይማኛለች። እየሳለች ነበር የደወለችው፣ ስለዚህ አልጸጸትም። ጠላውን ጎረቤት ጠጣው። በ42 ቀኑ ደግሞ ስድስተኛ ሳምንቱ ሞላና ፔንታ አንድን ተወጋ። ሌሊት አተኮሰው፣ ጭኑ አበጠ፣ እህቴ አለቀሰች። እኔ ቁጭ ብዬ ስለ ዝንጀሮዎቹ ነገርኳት። አብዳለች ሳትለኝ አትቀርም።

ልጄ አሁንም ይስላል። ግን ሌሊት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ፉጨቱም ቀርቷል።

የአህያ ወተቱን ደግሞ ረስቼው ነበር። ትናንት ከፍሪጁ ጀርባ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ አገኘሁ። እናቴን ስጠይቃት "ለሕፃኑ አትስጪ ነው ያልሽኝ፣ ስለ ትልቁ ምን አልሽ?" አለች። ልጁን ስጠይቀው "ከላም ወተት ይጣፍጣል" አለኝ።

ጡረተኛው ከሰበታ

ይጣፍጣል፣ ልጁ አልዋሸም። ስኳሩ ከላም ወተት ይበልጣል።

አፍልታው ነው የሰጠችው? እሱን ጠይቂልኝ።